ቤቱ ሊብሬ እንጂ ካርታ የለውም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ቤት ዋጋ መናር በቅርቡ ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በኮሎራዶ የሚኖሩ ወገኖቻችን መደበኛ ቤት ለመግዛት ዐቅም ሲያጥራቸው ወደ «ተንቀሳቃሽ ቤት» ፊታቸውን እያዞሩ መሆኑን በሁለት አንቀጽ ጠቅሳችሁ አልፋችኋል። ብዙዎች የሚያፍሩበትና በዝምታ የሚያልፉት ጉዳይ ስለሆነ ማንሳታችሁ በራሱ ያስመሰግናችኋል። ሆኖም ከፋብሪካ እየተጎተቱ የሚመጡ ቤቶችን ተቀብሎ መሬት ላይ በመትከል ሥራ ለ17 ዓመታት የቆየሁ ሰው በመሆኔ፣ በጽሑፉ ውስጥ ያለችውን አንዲት ቃል እንዳላየ ሆኜ ማለፍ አልቻልኩም። ቃሏ «ተንቀሳቃሽ» የምትለዋ ናት። ስሕተቱ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ ደላላውም፣ ገዢውም፣ እኛ ሠራተኞቹም በየቀኑ የምንደጋግመው ነው። ነገር ግን በዚህች ቃል ተማምነው ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን ያጡ ሰዎችን በዓይኔ ስላየሁ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት በኦሮራ ከተማ የሚኖሩ አንዲት እናት ስልክ ደወሉልኝ። ቤታቸው ያረፈበት ፓርክ (ለእነዚህ ቤቶች ማሳረፊያ ቦታ የሚከራይበት ግቢ) ባለቤት የቦታውን ኪራይ ሊጨምር መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። «ልጄ፣ ቤቱ የራሴ ነው፤ ዕዳውንም ከፍዬ ጨርሻለሁ። ጭነህ ልጄ ካለችበት ሰፈር ብትወስድልኝ ስንት ታስከፍለኛለህ?» አሉኝ። በማግስቱ ሄድኩና የቤቱን ግርጌ ዙሪያውን የሸፈነውን መከለያ ከአንድ ጥግ ገልጬ፣ ባትሪዬን ይዤ በደረቴ እየተሳብኩ ገባሁ። የቤቱን ወለል የተሸከሙት ረጃጅሞቹ የሻንሲው ብረቶች በብሎኬት ቁልል ላይ ተቀምጠዋል፤ በብሎኬቱና በብረቱ መካከል የገቡት የእንጨት ሽብልቆች ከርጥበት ብዛት ጠቁረዋል፤ ቤቱን ከመሬት ጋር የሚያያይዙት ማሰሪያዎችም ዝገዋል። ጎማ ግን የለም። አክስልም የለም። ቤት ሲተከል ሁለቱ ተፈትተው መወሰዳቸው በሙያችን የተለመደ ነው። ወጥቼ አቧራዬን እያራገፍኩ፣ ቤቱ በአውሮፓውያኑ 1983 የተሠራ በመሆኑ የሚቀበለው ፓርክ ማግኘት ከባድ እንደሆነ፣ ፈቃዱ፣ ጎታች መኪናው፣ አዲሱ መሠረት፣ የመብራቱ፣ የውሃውና የጋዙ መስመር ሲደማመር ወጪው ከ10,000 ዶላር እንደሚያልፍ፣ ያም ሁሉ ወጥቶ ቤቱ መንገድ ላይ ወገቡ ሊሰበር እንደሚችል አስረዳኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «ታዲያ ስለምን ተንቀሳቃሽ ይሉታል?» ብለው ጠየቁኝ።

ለእኚህ እናት ያልሰጠሁትን ሙሉ መልስ እዚህ ልስጥ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የእነዚህ ቤቶች ቅድመ አያት ከመኪና ኋላ የሚጎተት ማደሪያ ነበር። ሰው ሥራ ያለበትን ቦታ እየተከተለ ይጎትተው ስለነበር ስሙ በትክክል ይስማማው ነበር። ቤቶቹ እየሰፉና እየረዘሙ ሲሄዱ ግን መንቀሳቀሳቸው ከፋብሪካ እስከ ማረፊያቸው ባለው አንድ ጉዞ ብቻ ተወሰነ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1974 ሕግ አወጣ፤ በዚያ ሕግ መሠረት የፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው አገር አቀፍ የግንባታ ደረጃ ከጁን 15 ቀን 1976 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ቀን በፊት የተሠራው «ሞባይል ሆም» (ተንቀሳቃሽ ቤት)፣ ከዚያ ወዲህ የተሠራው «ማኑፋክቸርድ ሆም» (በፋብሪካ የተሠራ ቤት) ነው። ምክር ቤቱ ራሱ በ1980 ሕጉን አሻሽሎ «ሞባይል» የሚለውን ቃል አወጣው። ይሁን እንጂ ቃሉ ከሕዝቡ አፍ አልወጣም። የእኛ የኮሎራዶ ሕግ እንኳ እስከ ዛሬ የሚታወቀው በ1985 በወጣበት «የሞባይል ሆም ፓርክ ሕግ» በሚለው ስሙ ነው። እኔ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «የፋብሪካ ቤት» እያልኩ እጽፋለሁ፤ ጋዜጣችሁም ይህን ወይም የተሻለ ስም ቢለምድ ደስ ይለኛል።

በወገኖቻችን ዘንድ ለእነዚህ ቤቶች ያለው ንቀት መሠረት እንደሌለው መናገርም ግዴታዬ ነው። በሁለት ግማሽ ተሠርቶ የሚገጣጠም ቤት በሁለት ጎታች መኪና ተጭኖ ሲመጣ፣ የእያንዳንዱ ግማሽ ክፍት ጎን በላስቲክ ተሸፍኖ ነው። አንደኛውን ግማሽ በቦታው አሳርፈን በክሪክ ከፍ እያደረግን ብሎኬቱን እንደረድራለን፤ ውሃ ልኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዘረጋን እናስተካክላለን። ከዚያም ሁለተኛውን ግማሽ ቀስ በቀስ ስበን፣ በሙያችን «ሜሬጅ ላይን» የምንለውን መገናኛ መስመር ሙሉውን በስፖንጅ መሰል መድፈኛ ዘግተን እናጋጥመዋለን። በዚህ ጊዜ ሩብ ኢንች ብታዛንፍ ያ ቤት ዕድሜ ልኩን ይናገርብሃል፤ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ኮርኒሱ ይሰነጠቃል፣ ነፋስ በመገናኛው ይገባል። ሰዎች «ይህ ቤት ርካሽ ስለሆነ ተሰነጠቀ» ሲሉ ስሰማ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው። ከዴንቨር እስከ ፎርት ኮሊንስ ባለው መሬት ውስጥ ቤንቶናይት የሚባል፣ ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚኮማተር ሸክላ አፈር አለ። ባልተዘጋጀ አፈር ላይ ብሎኬት ደርድሮ የሄደ ተካይ የሠራውን ጥፋት ገዢው የፋብሪካው ጥፋት ያደርገዋል። በጣሪያ ሥር፣ በዝናብና በነፋስ ሳይመታ፣ ምስማሩ በመለኪያ የተመታ ቤት ከውጭ ከሚሠራው ያነሰ የሚሆንበት ምክንያት የለም። አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ በ1992 ፍሎሪዳን ሲመታ የዚህ ዓይነት ቤቶች ክፉኛ እንደተጎዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ በ1994 የነፋስ መቋቋሚያ ደረጃው እንዲጠብቅ ተደርጓል።

ቤት ለመግዛት የሚያስብ አንባቢያችሁ ሁለት ነገሮችን ራሱ አይቶ እንዲያረጋግጥ እመክራለሁ። አንደኛው ከቤቱ ውጭ በኋለኛው ጫፍ ላይ የምትገኝ፣ 2 በ4 ኢንች የሆነች ቀይ የብረት ሰሌዳ ናት። ቤቱ ከሁለት ግማሽ የተገጠመ ከሆነ ሰሌዳዋም ሁለት መሆን አለባት። ሰሌዳዋ ከሌለች ወይም ተልጣ ከተጣለች፣ ብድር ሲጠየቅም ቤቱ መልሶ ሲሸጥም ችግር ይፈጠራል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ወረቀት ነው። የማዕድ ቤቱን ካቢኔ፣ ዋናው የመብራት ማከፋፈያ ሳጥን ያለበትን አካባቢ ወይም የመኝታ ቤቱን የልብስ ማስቀመጫ ስትከፍቱ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ቤቱን የሠራው ፋብሪካ፣ የተሠራበት ቀን፣ ለየትኛው የነፋስ ቀጠና እንደታሰበ፣ ጣሪያው ምን ያህል በረዶ እንደሚችል ሁሉ እዚያ ተጽፏል። ደረጃው ጣሪያን በሦስት ይከፍለዋል፤ በካሬ ጫማ 20፣ 30 እና 40 ፓውንድ። ከቴክሳስ በርካሽ የተገዛ ያገለገለ ቤት ተጎትቶ እንደ ሊድቪል ባለ ተራራማ ከተማ ቢተከል፣ ያ ወረቀት ሳይነበብ የቀረበት ክረምት የቤተሰቡ የመጨረሻ ክረምት ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ይህን ወረቀት ቀለም ሲቀቡ ሸፍነውት አገኘሁ፤ ዳርቻውን በምላጭ ስንፍቅ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። እባካችሁ አትቀቡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በአገራችን መኪና የሚገዛ ሰው ሊብሬ ይቀበላል፤ ቤት የሚገዛ ሰው ደግሞ ካርታ። የትኛው ንብረት በየትኛው ሰነድ እንደሚያዝ ልጅም ያውቀዋል። በኮሎራዶ የፋብሪካ ቤት ገዝቶ በተከራየው ቦታ ላይ ያስቀመጠ ሰው ግን ቤት ገዝቻለሁ ብሎ በእጁ የሚይዘው እንደ መኪና ሊብሬ ያለ የባለቤትነት ወረቀት ነው፤ የሚያወጣውም የመኪና ወረቀት ከሚያወጣው ከዚያው የካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) ጽሕፈት ቤት ነው። ቤቱ በራሱ መሬት ላይ በቋሚ መሠረት ካልተተከለና ያ ወረቀት በሕግ ተሰርዞ ከመሬቱ ጋር ካልተዋሐደ በስተቀር፣ ቤቱ በሕግ ዓይን ከመሬት ጋር የተያያዘ ንብረት ተደርጎ አይቆጠርም። ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምኩ ነበር። ነገር ግን ባንኩ ሊብሬ ላለው ቤት የሚያበድረው እንደ መኪና ብድር ነው፤ ወለዱ ከመደበኛው የቤት ብድር ከፍ ይላል፣ የመክፈያው ዘመን ያጥራል፣ ብድሩን አልችል ያለ ሰው ቤቱ የሚወሰድበትም ፍጥነት የዚያኑ ያህል ነው።

ኢንዱስትሪው ራሱ በዚህ ብድር ምክንያት አንድ ጊዜ ወድቋል። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ መክፈል ለማይችል ሰው ሁሉ ብድር ሲታደል በ1998 ከፋብሪካዎች የወጡት ቤቶች ወደ 373,000 ደርሰው ነበር። ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ከሰዎች የተነጠቁ ቤቶች ገበያውን አጥለቀለቁት፤ ዋናው አበዳሪ ግሪን ትሪን የገዛው ኮንሴኮ በ2002 ኪሳራ አወጀ፤ በ2009 ደግሞ የአገሪቱ ፋብሪካዎች ሁሉ ተደምረው ያወጡት ወደ 50,000 ቤት ብቻ ነበር። ከዘርፉ ዋና አምራቾች አንዱ የሆነው፣ መቀመጫው በቴነሲ ያለው ክሌይተን ሆምስ በ2003 በዋረን ባፌት በሚመራው በርክሻየር ሀታዌይ በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ተገዛ። ዛሬ ብዙዎቹ ቤቶች ከጥቂት ትልልቅ ኩባንያዎች የሚወጡት በዚህ መንገድ ትንንሾቹ እየወደቁ ግዙፎቹ ስለቀሩ ነው።

አንባቢያችሁ እንዳይደናገር አንድ ልዩነት ልጨምር። በኮሎራዶ ተራሮች መካከል ቡየና ቪስታ በምትባል ከተማ ፌዲንግ ዌስት የሚባል ድርጅት በ2021 ፋብሪካ ከፍቶ ቤቶችን በክፍል በክፍል እየሠራ ያወጣል። እነዚህ «ሞዱላር» የሚባሉት ናቸው። እነርሱም የፋብሪካ ውጤት ናቸው፤ ነገር ግን የሚሠሩት በፌዴራሉ ደረጃ ሳይሆን ማንኛውም መደበኛ ቤት በሚሠራበት የግንባታ ሕግ ነው፤ ቋሚ መሠረት ላይ ተተክለው ከመሬቱ ጋር ይሸጣሉ፤ ቋንቋዬን ልጠቀምና ካርታ አላቸው። ደላላው «ሁለቱም ያው ነው» ሲላችሁ ያው አይደለም።

ወደ ፓርኩ ልመለስ። በኮሎራዶ ከ700 በላይ ፓርኮች አሉ። በእነዚህ ውስጥ የሚኖረው ሰው የቤቱ ባለቤት፣ የመሬቱ ደግሞ ተከራይ ነው። ተከራይ ብቻ የሆነ ሰው ኪራይ ሲበዛበት ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። የፓርክ ነዋሪ ግን ዕቃው ቤቱ ነው፤ ቤቱ ደግሞ እንዳየነው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ባለመሬቱ ኪራዩን ሲጨምር ነዋሪው ከመክፈል ወይም ቤቱን ትቶ ከመውጣት በቀር ምርጫ የለውም። ባለሀብቶች በየአገሩ ፓርኮችን መግዛት የጀመሩት ይህን አስልተው ነው። በዘርፉ ስሙ የታወቀ አንድ ባለሀብት ከዓመታት በፊት የፓርክ ነዋሪዎችን ከተቀመጡበት ወንበር ጋር በሰንሰለት ከታሰሩ የምግብ ቤት ደንበኞች ጋር አመሳስሎ ነበር። የሚያሳዝነው ንጽጽሩ ትክክል መሆኑ ነው። በሥራዬ የማውቃቸው ጥሩ የፓርክ ባለቤቶች የሉም ማለቴ አይደለም፤ ከአባታቸው የወረሱትን ግቢ በረዶውን ራሳቸው እየጠረጉ የሚያስተዳድሩ፣ የታመመ ነዋሪ ሲኖር ኪራዩን የሚታገሡ ሰዎች አውቃለሁ። ነገር ግን የአንድ ቤተሰብ ዕጣ በአንድ ሰው ደግነት ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ ደጉ ሰው አርጅቶ ግቢውን ሲሸጥ ደግነቱ አብሮ አይሸጥምና።

በእኛው በኦሮራ፣ ከኮልፋክስ ጎዳናና ከባቡር ጣቢያው አጠገብ የነበረው ዴንቨር ሜዶውስ የተባለ ፓርክ ነዋሪዎቹ ቦታውን ራሳቸው ለመግዛት ቢታገሉም ሳይሳካላቸው ቀርቶ ተዘግቷል። ባቡሩ ከመጣ በኋላ የመሬቱ ዋጋ ከነዋሪዎቹ ዐቅም በላይ ሆኖ ነበር። ይህን መሰሉ ታሪክ ከከተማ ከተማ ሲደጋገም የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች ዝም ማለት አልቻሉም። በ2019 የቦልደሯ ተወካይ ኢዲ ሁተን ከጁሊ ማክለስኪ ጋር ያቀረቡት ሕግ ጸደቀ። ከዚያ ሕግ በፊት ፍርድ ቤት ከፓርክ እንዲወጣ የወሰነበት ሰው ቤቱን አንሥቶ ለመሄድ የሚሰጠው ጊዜ 48 ሰዓት ብቻ ነበር፤ በሁለት ቀን ውስጥ ቤት አንሡ ማለት ነው። ሕጉ ይህን ወደ 30 ቀን ከፍ አደረገው፤ ከዚህም በላይ ነዋሪና ባለመሬት ሲጣሉ ያለ ጠበቃ አቤት የሚባልበት ጽሕፈት ቤት በግዛቱ የቤቶች ክፍል ሥር አቋቋመ። ጽሕፈት ቤቱ የሚተዳደረው ባለመሬቶች ለእያንዳንዱ ቦታ በሚከፍሉት የምዝገባ ክፍያ ነው።

በ2020 የወጣው ሕግ በእኔ አስተያየት ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ባለመሬት ፓርኩን ሊሸጥ ሲያስብ ለነዋሪዎቹ በጽሑፍ እንዲያሳውቅና እነርሱም ተሰባስበው የመግዣ ሐሳብ እንዲያቀርቡ 90 ቀን እንዲታገሥ ያስገድዳል። በ2022 ሁተን ከአንድሩ ቦዘነከር ጋር ያመጡት ማሻሻያ ጊዜውን ወደ 120 ቀን አራዘመው፤ ነዋሪዎቹ ዐቅም ካጡም መብታቸውን ለከተማ አስተዳደር ወይም ለመሰል የሕዝብ አካል እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። በዚያው ረቂቅ ውስጥ የኪራይ ጭማሪ ላይ ጣሪያ የሚያበጅ አንቀጽ ነበር፤ ገዥው ጃሬድ ፖሊስ ስለተቃወሙት ተሰርዞ ወጣ። ጣሪያ ቢበጅ ባለቤቶች ፓርኮቹን ዘግተው መሬቱን ለሌላ ጥቅም ያውሉታል የሚለውን ስጋት እረዳለሁ፤ ቢሆንም ሰው ቤቱን ይዞ መሄድ በማይችልበት ገበያ ውስጥ ዋጋው በራሱ ይስተካከላል ብሎ መጠበቅ ትክክል አይመስለኝም። ለጊዜው ያለን መከላከያ ኪራይ በ12 ወር ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይጨመርና ጭማሪው ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ እንዲነገር የሚለው ነው።

120 ቀን ብዙ ይመስላል። ማኅበር ማቋቋም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑ ባለቤቶችን ማስፈረም፣ መሬቱን ማስገመት፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሩን ማስመርመር፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ብድር ማግኘት ሲደማመር ግን አጭር ነው። ሆኖም ሆኗል። ዱራንጎ ከተማ ውስጥ የአኒማስ ቪው ነዋሪዎች በ2021 ፓርካቸውን ገዝተው የኅብረት ሥራ ማኅበራቸው ንብረት አድርገውታል። ቦልደር የሚገኘው ቲስል የተባለ በጎ አድራጊ ድርጅት በኮሎራዶ ለእንዲህ ዓይነት ማኅበራት ሙያዊ ድጋፍ ይሰጣል። በዚያችው በዱራንጎ ዌስትሳይድ የተባለውን ፓርክ በ2022 ኤለቬሽን የተባለ የማኅበረሰብ መሬት ባለአደራ ድርጅት ለነዋሪዎቹ ገዝቶላቸዋል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አሠራር የተጀመረው በኒው ሀምፕሸር ነው፤ በሜሬዲት ከተማ የነበሩ ጥቂት ነዋሪዎች በ1984 ግቢያቸውን ገዙ፤ ከእነርሱ የተገኘው ልምድ በ2008 አር.ኦ.ሲ. ዩ.ኤስ.ኤ. የተባለ አገር አቀፍ ድርጅት እንዲቋቋም ምክንያት ሆነ። ሁሉም ቤተሰብ መጠነኛ ድርሻ ይገዛል፤ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ድምፅ ይሰጠዋል፤ ቤቱ የግል፣ መሬቱ የጋራ ይሆናል፤ ኪራዩን የሚወስኑት ራሳቸው በጠቅላላ ጉባኤ ነው። የመሬቱን ዕዳ መክፈል ስላለባቸው ኪራዩ ወዲያው ይቀንሳል ብዬ አላታልልም፤ መጀመሪያ ላይ ሊጨምርም ይችላል። ነገር ግን ገንዘቡ የት እንደሚገባ ያውቃሉ፤ ግቢውንም ከሥራቸው ማንም አይሸጥባቸውም።

ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ያን ያህል የሚከብድ አይመስለኝም። ድንኳንና ሳህን በጋራ ገዝቶ፣ ዳኛና ጸሐፊ መርጦ፣ ያልከፈለውን በደንብ እየቀጣ ለትውልድ የዘለቀ እድር ያለው ሕዝብ ነን። ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ መያዝ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የሚጎድለን መረጃ ነው። የሽያጭ ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ፣ በሕግ ቋንቋ ተጽፎ በፖስታ ይመጣል። በሥራዬ ምክንያት የብዙ ሰው ቤት እገባለሁ፤ ሳይከፈቱ የተቀመጡ ፖስታዎችን ከማቀዝቀዣው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ከመጽሐፍ ቅዱሱ አጠገብ አያለሁ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይነበባል ተብሎ የቆየ ፖስታ ውስጥ 120 ቀን እየተቆጠረ ሊሆን ይችላል።

መግቢያዬ ላይ የጠቀስኳቸው እናት ደብዳቤያቸውን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። የተጻፈበትን ቀንና ጭማሪው የሚጀምርበትን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጠን በጣታችን ቆጠርን፤ 41 ቀን ብቻ ሆነ። በልጃቸው እርዳታ ለግዛቱ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አቀረቡ፤ ጭማሪው በሕጉ መሠረት እንደገና እስኪነገር ድረስ ተራዘመ። ትንሽ ድል ናት፤ ኪራዩ በኋላ መጨመሩ አልቀረም። ነገር ግን እኚህ እናት ለ11 ዓመታት በዚያ ግቢ ሲኖሩ እንዲህ ያለ ሕግና እንዲህ ያለ ጽሕፈት ቤት መኖሩን የነገራቸው አንድም ሰው አልነበረም። በየሳምንቱ የሚያነብቡት ጋዜጣ ግን ነበራቸው፤ የእናንተው ጋዜጣ ተጣጥፎ ማዕድ ቤታቸው ውስጥ አይቼዋለሁ።

በዋሽንግተንም ነገሮች እየተለወጡ ነው። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በ2024 ባወጣው ደንብ እስከ አራት መኖሪያ የሚይዝ የፋብሪካ ቤት በዚሁ ደረጃ እንዲሠራ ፈቅዷል። በ2025 ደግሞ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የባንክ ኮሚቴ ቤቶቹ ሁሉ ቋሚ ሻንሲ ይኑራቸው የሚለውን ግዴታ የሚያነሣ ድንጋጌ የያዘ ረቂቅ በሙሉ ድምፅ አሳልፏል። ሻንሲው ቢቀር ቤቱ ይረክሳል፣ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ከጎረቤቱም አይለይም። ለሥራችን መልካም ዜና ነው። መሬቱ የሌላ ሰው ለሆነበት ነዋሪ ግን ከሻንሲው ጋር የሚወገድለት ችግር የለም፤ ያኔ ቤቱ ለስሙ እንኳ የማይንቀሳቀስ ይሆናል።

ስለዚህ የማቀርበው ልመና ይህ ነው። አንደኛ፣ ጋዜጣው «ተንቀሳቃሽ ቤት» የሚለውን አጠራር ይተው። ሁለተኛ፣ የፓርክ ሽያጭ ማስታወቂያና የኪራይ ጭማሪ ደብዳቤ ምን እንደሚመስል፣ ምን ምን ቀን መያዝ እንዳለበት፣ አቤቱታ ለማን እንደሚቀርብ የሚያስረዳ አንድ ሙሉ ገጽ በአማርኛ ይታተም፤ የግዛቱ ጽሕፈት ቤት አድራሻም ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ማስታወቂያዎች ጎን በቋሚነት ይውጣ። ጽሑፉን ለማዘጋጀት ከሥራ ውጭ ባለኝ ጊዜ ሁሉ ያለ ክፍያ ለመርዳት ዝግጁ ነኝ። በእጄ ያሉትን የናሙና ደብዳቤዎችም የነዋሪዎቹን ስምና አድራሻ ሸፍኜ ለዝግጅት ክፍሉ አስረክባለሁ። ወረቀቱ ወጥቶ ከተሰራጨ በኋላ በሚቀጥለው ቅዳሜ ፓርክ ለፓርክ እየዞርኩ በየበሩ ለማደል ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ አብረውኝ ለመሄድ ተስማምተዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የፋብሪካ ቤቶች ተካይ
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ